የሰው ወርቅ፦ ለቼዝ ኤንጂን የመክፈቻ መጽሐፍ ማዘጋጀት

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ቼዝ ኤንጂኖች ይናገራል ስትባሉ ብዙዎቻችሁ ስለ ፍለጋና ስለ ኒውራል ኔትወርክ ጠብቃችሁ መጥታችሁ ይሆናል። ዛሬ ወደዚያ አልሄድም። የማወራው ኤንጂኑ፣ ማለትም ቼዝ የሚጫወተው ፕሮግራም፣ ማሰብ ከመጀመሩ በፊት ስላለው ነገር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሳያስብ ስለሚያነብበት ስለ መክፈቻ መጽሐፍ።

ከአንድ ጳጳስ ልጀምር፤ የቼዝ ጠጠሩን ማለቴ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትንሽ የኦንላይን ውድድር መጽሐፍ አዘጋጅቼ ነበር። ለጥቁር የመረጥኩት ማርሻል የሚባለውን ጥቃት ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በስፓኒሽ መክፈቻ ጥቁር 8ኛው እርምጃ ላይ ወታደሩን ዲ5 ወደሚባለው ቤት ገፍቶ አንድ ወታደር በነጻ ይሰጣል፣ በምትኩ ጠጠሮቹን ሁሉ በነጭ ንጉሥ ላይ ያዞራል። ፍራንክ ማርሻል በ1918 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምናገረው) ኒው ዮርክ ላይ፣ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን በሆነው በካፓብላንካ ላይ የሞከረው ነው። ካፓብላንካ ሰሌዳው ላይ አስቦ አስቦ አሸነፈው፤ ጥቃቱ ግን ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ ግራንድማስተሮች፣ ከፍተኛውን የቼዝ ማዕረግ የያዙት ተጫዋቾች፣ ያምኑበታል። እኔም አመንኩበት። መስመሬ እስከ 16ኛው እርምጃ ይሄዳል፦ ንግሥቲቱ ኤች3 ላይ፣ አንዱ ጳጳስ ጂ4 ላይ፣ ሩኩ፣ ግንብ የሚሉት ጠጠር፣ ኢ8 ላይ። ሥዕሉ ያምራል።

ጨዋታው ተጀመረ። ኤንጂኔ 16ቱንም እርምጃ በሰከንድ ውስጥ ደረደረ። 17ኛው ላይ መጽሐፉ አለቀ። አራት ደቂቃ ያህል አሰበና ያንን ጳጳስ ከጂ4 አንስቶ ሲ8 ላይ አስቀመጠው። ሲ8 ማለት ጨዋታው ሲጀመር የነበረበት ቤት ነው። እኔ በመጽሐፉ ውስጥ ለጥቃት ብዬ ወታደር ከፍያለሁ። እሱ ከመጽሐፉ ወጥቶ ዓይኑን ሲገልጥ ያየው ግን ጥቃቱን አይደለም፤ አንድ ወታደር እንደጎደለው ነው ያየው። ስለዚህ ዕቃውን ሰብስቦ ለመከላከል ተቀመጠ። በ50 ገደማ እርምጃ ተሸነፍን።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ያ ጥቃት የኤንጂኔ ወርቅ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ ያንጠለጠልኩበት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ሲያሳዩኝ ስንት ሚሊዮን አቀማመጥ አለው ብዬ አልጠይቅም። እያንዳንዱ መስመር የሚያልቅበትን ቦታ እከፍትና ኤንጂኑን ብቻውን እተወዋለሁ። መጀመሪያ ምን ለማድረግ እንደሚፈልግ አያለሁ። መጽሐፍ የሚመዘነው በመውጫው ነው።

እሺ፣ መጽሐፍ ስንል ምንድን ነው? ገጽ ያለው ነገር አይምሰላችሁ። በብዛት የሚሠራበት ፋቢየን ሌቱዜ ያወጣው ፖሊግሎት የሚባል ፎርማት ነው። ፋይሉን ብትከፍቱት የሚነበብ ጽሑፍ የለም፤ እያንዳንዳቸው 16 ባይት የሆኑ መዝገቦች በተርታ ተደርድረዋል። 8 ባይት የአቀማመጡ ቁልፍ ነው፣ 2 ባይት እርምጃው፣ 2 ባይት የእርምጃው ክብደት፣ የቀረው 4 ባይት ለመማሪያ የተተወ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቁልፉ የሚሠራው አልበርት ዞብሪስት በ1970 ባቀረበው ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት ጠጠር በእያንዳንዱ ቤት አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 12 ዓይነት ጠጠር በ64 ቤት፣ 768 ቁጥር። በዚያ ላይ 4 ለካስሊንግ (ንጉሥና ሩክ አብረው ለሚንቀሳቀሱበት እርምጃ) መብት፣ 8 ለአንፓሳን (ሁለት ቤት የዘለለን ወታደር በማለፍ ላይ እያለ ለመብላት)፣ 1 ተራው የማን እንደሆነ ለመለየት፤ ጠቅላላ 781። ሰሌዳው ላይ የሚገኙትን ቁጥሮች ኤክስኦር በሚባለው የቢት ስሌት ስታዋህዷቸው ቁልፉ ይወጣል። ኤንጂኑ ወይም ኤንጂኑን የሚያጫውተው ፕሮግራም ያንን ቁልፍ በፋይሉ ውስጥ ይፈልጋል፤ ካገኘ ይጫወታል፣ ካጣ ማሰብ ይጀምራል።

ይህን የምነግራችሁ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ቁልፉ የአቀማመጥ እንጂ የእርምጃ ቅደም ተከተል አለመሆኑ ሁለት ነገር ያመጣል። ደጉ፣ ተጋጣሚው በሲ4 ጀምሮ ዞሮ ዞሮ የንግሥት ጋምቢት ውስጥ ቢገባ መጽሐፉ ያውቀዋል። ክፉው፣ ሆን ብላችሁ የዘጋችሁት በር በጓሮ ሊከፈት ይችላል። ይህን መስመር አንጫወትም ብላችሁ 3ኛው እርምጃ ላይ ትቆርጡታላችሁ፤ ተጋጣሚው በሌላ ቅደም ተከተል ይመጣል፣ ያው አቀማመጥ 6ኛው ላይ ብቅ ይላል፣ መጽሐፋችሁም በደስታ ይቀበለዋል። መስመር ስትቆርጡ አቀማመጡን ቁረጡ፤ መንገዱን ብቻ አትቁረጡ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከዚሁ የተነሳ የማላየው ስህተት ሠርቼ ነበር። ፖሊግሎት ካስሊንግን የሚጽፈው በራሱ ፈሊጥ ነው፤ ንጉሡ የራሱን ሩክ እንደበላ አድርጎ፣ ከኢ1 ወደ ኤች1 ብሎ። እኔ የራሴን ስክሪፕት ጽፌ እንደ ማንኛውም ሰው ከኢ1 ወደ ጂ1 ብዬ አስገባሁት። ያኔ የምጠቀምበት አጫዋች ፕሮግራም ያንን እርምጃ አላውቀውም ብሎ ዝም አለ፤ የስህተት መልእክት እንኳ አላወጣም። ኤንጂኑ መጽሐፍ የለኝም ብሎ ሦስት ደቂቃ አሰበ። ከዚያ ምን ተጫወተ? ካስሊንግ። አቀማመጡ መጽሐፉ ውስጥ ስላለ በሚቀጥለው እርምጃ ተመልሶ ገባ። ጨዋታውን በኋላ ሳነበው ምንም እንከን የለውም፤ እርምጃዎቹ ሁሉ እኔ እንደጻፍኳቸው ናቸው። ሰዓቱን ያየሁት ከሦስት ዙር በኋላ ነው። በየጨዋታው ሦስት ደቂቃ በከንቱ! በ15 ደቂቃ ጨዋታ ሦስት ደቂቃ ብዙ ነው። መጽሐፍ ከሚሰጣችሁ ጥቅም ግማሹ ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

ወደ ክብደት ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ፖሊግሎት ከጨዋታ ዳታቤዝ መጽሐፍ ሲሠራ ክብደቱን የሚያሰላው በቀላሉ ነው፦ ለእያንዳንዱ ድል 2፣ ለእያንዳንዱ አቻ 1። 100 ጊዜ የተጫወቱት፣ 40 ያሸነፉበት፣ 40 አቻ የወጡበት፣ 20 የተሸነፉበት እርምጃ 120 ይመዝናል። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቱንም ያሸነፈ አዲስ እርምጃ 6 ይመዝናል። ፕሮግራሙ በክብደት መጠን ዕጣ ስለሚጥል አሮጌውን ከ21 ጊዜ 20 ጊዜ ይመርጠዋል። አሁን ባለፈው ወር አንድ ሰው ለአሮጌው እርምጃ መድኃኒት አግኝቷል እንበል። ፋይሉ ዜና አይሰማም። 120ው 120 ሆኖ ይቀመጣል፣ ኤንጂናችሁም እየሄደ እሳት ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ለእኔ ስታቲስቲክስ የዕጩዎች ዝርዝር ነው፤ ዳኛ አይደለም። ከዳታቤዙ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ክብደቱን በእጄ እቀይራለሁ። ዜሮ ያደረግኩት አይጫወትም። ቼዝቤዝ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው መጻሕፍት ላይ ደግሞ እርምጃዎችን በቀለም ትለያላችሁ፤ አረንጓዴው ለውድድር፣ ቀዩ የተከለከለ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሻችሁም። ለአንድ ውድድር የማዘጋጀው መጽሐፍ በመጨረሻ ጥቂት ሺህ አቀማመጥ ነው የሚሆነው፤ ግን እያንዳንዱን አይቼዋለሁ።

ጥቂት ሺህ ስል አትናቁት። የአይቢኤም ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 ሲያሸንፍ በእጅ የተሠራው መጽሐፉ 4,000 አቀማመጥ ገደማ ነበረው። ግራንድማስተሮች ናቸው ያዘጋጁት፤ ዋናው ጆኤል ቤንጃሚን ነበር። 6ኛው ጨዋታ፣ ግንቦት ወር ላይ፣ ውጤቱ 2.5 ለ2.5 ሆኖ ነበር የተጀመረው። ካስፓሮቭ በጥቁር ካሮ ካን በሚባለው መክፈቻ ጀመረ፣ 7ኛው ላይ ወታደሩን ወደ ኤች6 ገፋ። ኤች6 ጂ5 ላይ የቆመውን ፈረስ ሂድ ማለት ነው። የሚታወቀው መልስ ፈረሱን ኢ6 ላይ መሰዋት ነው፤ አንድ ፈረስ ትሰጣለህ፣ የጥቁር ንጉሥ መሐል ሜዳ ላይ ይቀራል። ግን የዚያን ዘመን ኮምፒውተር እንዲህ ላለ ረጅም መስዋዕት እጁ አይፈታም ነበር፤ ወታደር እንኳ ሲሰጥ ያመዋል። ፈረሱ ተሰዋ። ካስፓሮቭ በ19ኛው እርምጃ እጅ ሰጠ።

ያንን 8ኛ እርምጃ ኮምፒውተሩ አላሰበውም። መጽሐፉ ውስጥ ነበር። ከዝግጅት ቡድኑ አንዱ የነበረው ሚጌል ኢየስካስ ከዓመታት በኋላ ሲናገር መስመሩን ያስገቡት በዚያው ዕለት ጠዋት እንደነበር ገልጿል። እንደ መጽሐፍ አዘጋጅ ይህን በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። በዚያ ጠዋት ሌላ ነገር ቢያስገቡስ?

እኔን የበለጠ የሚማርከኝ ግን የዲፕ ብሉ ሌላው መጽሐፍ ነው። ከ700,000 የግራንድማስተር ጨዋታዎች በራሱ የሚሠራ ነበር፤ እነሱ የተስፋፋ መጽሐፍ ይሉት ነበር። ይህኛው እርምጃ አያዝም። ግራንድማስተሮች ብዙ ጊዜ የተጫወቱትን፣ ያሸነፉበትን እርምጃ ግምገማ ላይ ጥቂት ነጥብ ይጨምርለታል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስባል። ምክር ነው። ኤንጂኑ ካልጣመው ይተወዋል። ያ ጳጳሴ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው፤ ምክር ብሰጠው ኖሮ ወታደሩን አይሰዋም ነበር፣ ወይም ቢሰዋ ምክንያቱን አውቆ ነው።

እሺ፣ መጽሐፉ እንዴት ያድጋል? ዛፍ አስቡ። ግንዱ መነሻው ነው፣ እርምጃዎቹ ቅርንጫፎች፣ መጽሐፉ የሚያልቅባቸው አቀማመጦች ቅጠሎች። የማስፋት ጉልበታችሁ ውስን ነው፤ ኮምፒውተሩ በሌሊት ይህን ያህል ቅጠል ነው የሚመረምረው። የትኛውን? ጀማሪ ዋናውን መስመር ብቻ ያስረዝማል፤ 20፣ 25፣ 30 እርምጃ። ያ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ተጋጣሚው 9ኛው ላይ ከወጣ የቀረውን ለማን ታሳያለህ? ማርሻልን ራሱን ተመልከቱ፤ ዛሬ ብዙ ነጮች 8ኛው ላይ ወታደሩን ወደ ኤ4 ወይም ወደ ኤች3 ገፍተው ገና ሳይጀመር ያመልጡታል።

ቶማስ ሊንኬ በ2000 ለዚህ ጥሩ መፍትሔ አቅርቧል። ለእያንዳንዱ ቅጠል ቅድሚያ ይሰጠዋል። ኤንጂን እያንዳንዱን አቀማመጥ በነጥብ ይገመግማል፤ በልማድ 1 ነጥብ የአንድ ወታደር ያህል ብልጫ ነው። ከመነሻው እስከዚያ ለመድረስ ተጫዋቾቹ በየደረጃው ከምርጡ እርምጃ ስንት ነጥብ ራቅ አሉ? ርቀቱ ይደመራል። ጥልቀቱም ይደመራል። ድምሩ ትንሹ የሆነው ቅጠል ቀድሞ ይሰፋል። በዚህ መንገድ ከምርጡ እርምጃ በ0.1 ብቻ የሚያንስ ሁለተኛ እርምጃ 5ኛው ላይ ካለ ከዋናው መስመር 20ኛ እርምጃ ቀድሞ ተራ ያገኛል። ተጋጣሚው የሚወጣው እዚያ ነውና። አንድ ቅጠል ሲሰፋ ውጤቱ ወደ ግንዱ ይመለሳል። ለምሳሌ ነጭን ይዘን፣ 14ኛው ላይ ነጭ በ0.6 የሚበልጥ ይመስል የነበረው አቀማመጥ ለጥቁር አንድ መልስ ተገኝቶለት ዜሮ ሆነ እንበል። ያ ዜሮ ወደ 13ኛው፣ ወደ 12ኛው እየወጣ 9ኛው ላይ የመረጥነው እርምጃ ከጎረቤቱ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። የምትቀይሩት 9ኛውን ነው። በእጅ ለሚሠራ ሰው ይህ ነው የሚረሳው፤ ጉድጓዱን 14ኛው ላይ ይደፍንና 9ኛውን እንደነበረ ይተወዋል።

ቅጠሉን የሚመረምረው የትኛው ኤንጂን ይሁን? ብዙ ሰው ዓለም ላይ ያለውን ጠንካራውን ይጠቀማል። እኔ መጨረሻውን የማስመረምረው ውድድሩ ላይ በሚጫወተው በራሱ ነው፣ ደካማም ቢሆን። ነጥቡን አያለሁ፣ የመጀመሪያ ፍላጎቱንም አያለሁ። ጠንካራው ኤንጂን ለጥቁር እኩል ነው ብሎ የኔው ደግሞ ከ0.5 በላይ ተጎድቻለሁ ካለ፣ ነጥቡ ትክክል ቢሆንም መስመሩ ለእሱ አይሆንም። ጅራቱን እቆርጣለሁ፣ ወይም ከሥሩ እነቅለዋለሁ።

ከዚያ ተጋጣሚ አለ። ሁሉም ከሁሉም ጋር በሚገናኝበት ውድድር ነጥብ የሚመጣው ከደካሞቹ ነው። ከጠንካራው ጋር በርሊን ወይም ፔትሮፍ የሚባሉትን ጠንካራ መከላከያዎች ተጫውተህ አቻ ብትወጣ ደስ ይልሃል፤ ያንኑ ከሰንጠረዡ መጨረሻ ካለው ጋር ብትደግመው ግማሽ ነጥብ አቃጠልክ። ለደካማው ኪንግስ ኢንዲያን የሚባለው ግጭት የሚወድ መከላከያ ይሻላል፤ ኤንጂኖች ለጥቁር አይወዱትም፣ ነጥቡ ይከፋል፣ ግን ጨዋታው አይሞትም። በዙርና በዙር መካከል መጽሐፍ መቀየር የተፈቀደበት ውድድር ላይ ሌሊቱ ለዚህ ነው የሚያልቀው።

መጥፎ ጎንም ነበረው። በ1990ዎቹ ኤንጂኖች ያለ ሰው እጅ እርስ በርስ በሚጫወቱበት የደረጃ ፈተና ላይ አንዳንዶች ለአንድ የተወሰነ ፕሮግራም ብቻ የተዘጋጀ መስመር ይዘው ይመጡ ነበር፤ ገዳይ መጽሐፍ ይባላል። ያ ፕሮግራም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ ቀድመው ያውቃሉ፤ ያንኑ ድል ደጋግመው ይለቅማሉ። መከላከያው መጽሐፉ እንዲማር ማድረግ ነው። የሮበርት ሃያት ኤንጂን ክራፍቲ ይህን ያደርግ ነበር፤ ከመጽሐፍ ከወጣ በኋላ ባሉት ጥቂት እርምጃዎች የራሱን ግምገማ ይከታተልና መስመሩን ያበረታታል ወይም ያስቀራል። የጨዋታውን መጨረሻ ሳይጠብቅ መውጫውን ነው የሚመለከተው። እኔ በአንድ ሽንፈት የተማርኩትን እሱ ፕሮግራም አድርጎት ነበር።

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። በብዙ ውድድር መጽሐፉን ከኛ ወስደውብናል። ግራንድማስተር ጆን ነን በ1990ዎቹ 10 አቀማመጦች መርጦ ኤንጂኖች ከሁለቱም ወገን እንዲጫወቷቸው ካደረገ ወዲህ ሐሳቡ እየሰፋ መጣ። በ2010 የጀመረው ቲሲኢሲ የሚባለው ውድድር ላይ መክፈቻውን የሚመርጠው አዘጋጁ ነው፤ እያንዳንዱ መክፈቻ ቀለም ተቀያይሮ ሁለት ጊዜ ይጫወታል። ጀሩን ኖመን ሬቤል፣ ከዚያም ሪብካ ለሚባሉ ኤንጂኖች መጽሐፍ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ በኋላ ለቲሲኢሲ መክፈቻ መራጭ ሆነ። የአንድ ቡድን ጠበቃ የነበረው ዳኛ ሆነ እንደማለት ነው።

የመራጩ ችግር ደግሞ የእኛ ተቃራኒ ነው። ኤንጂኖች በጣም ስለበረቱ ከሚዛናዊ መክፈቻ ጨዋታው ሁሉ ማለት ይቻላል አቻ ይወጣል። ስለዚህ ሆን ብሎ የተንጋደደ መክፈቻ ይፈልጋል፣ ግን የሞተ እንዳይሆን። ስቶክፊሽ የሚባለው ኤንጂን ከ15.1 እትሙ ጀምሮ ግምገማውን ያስተካከለው 1.00 ማለት 50 በመቶ የማሸነፍ ዕድል እንዲሆን አድርጎ ነው፤ መራጮች የሚያነጣጥሩት ወደዚያ ድንበር አካባቢ ነው። ዩኤችኦ የሚባሉት የስቴፋን ፖል መጻሕፍት የተሠሩት በዚህ ሐሳብ ነው፤ ስቶክፊሽ ራሱ የሚፈተነው በነሱ ነው። ሁለቱም በነጭ ካሸነፉ 1 ለ1 ነው፣ ምንም አልተማርንም። አንዱ በነጭ አሸንፎ በጥቁር አቻ ከወጣ ግን 1.5 ለ0.5፤ ልዩነቱ ታየ።

መጽሐፍ መቀማት ሁልጊዜ ፍትሕ ነው ማለት አይደለም። ጨዋታውን ራሱን በራሱ ያስተማረው የዲፕማይንድ ኤንጂን አልፋዜሮ በ2017 ስቶክፊሽን በ100 ጨዋታ 28 አሸንፎ 72 አቻ ሲወጣ ከተነሱት ተቃውሞዎች አንዱ ስቶክፊሽ መጽሐፍ አልነበረውም የሚል ነው። በ2018 የወጣው ሙሉ ጥናት መጽሐፍ ካለው ስቶክፊሽ ጋርም፣ ከተመረጡ መክፈቻዎችም አጫወተው፤ አልፋዜሮ ያኔም አሸነፈ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። ... እሺ፣ እዚያ ጥግ ያሉት። ጥያቄው ያ ማርሻል መጨረሻው ምን ሆነ ነው።

በማግስቱ 8ኛው ላይ ዲ5 የሚለውን ክብደት ዜሮ አድርጌ በምትኩ ወታደሩን አንድ ቤት ብቻ ወደ ዲ6 እንዲገፋ አደረግኩ። ወታደር የማይሰጥ፣ አሮጌ፣ የሚያስተኛ መስመር ነው። ኤንጂኔ ወደደው፤ ቀሪዎቹን ጨዋታዎች በጥቁር አልተሸነፈም፣ አላሸነፈምም። ባለፈው ወር ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ያንን የ17ኛ እርምጃ አቀማመጥ ከድሮ ፋይሌ አውጥቼ ለአንድ አዲስ ኤንጂን ሰጠሁት። መጽሐፍ አልሰጠሁትም። ጥቂት ሰከንድ አሰበና ሩኩን ወደ ኢ6 ወሰደ፤ ከዚያ ወደ ኤች6 ሊያዞረው ነው። ጳጳሱ ጂ4 ላይ እንደቆመ ነው።